ዊኪፒዲያ ላይ የጻፍነው ለምን ይሰረዛል?

በካምፕ ውስጥ ስልክ የያዘ ወጣት ሁሉ አንድ ቀን ስሙን ጉግል ላይ መፈለጉ አይቀርም። ዘፋኙም ይፈልጋል፣ ኳስ ተጫዋቹም፣ አገር ቤት ሳለ መጽሐፍ ያሳተመው ሰውም። ፌስቡኩ ይመጣል፣ ዩቲዩቡ ይመጣል፤ ዊኪፒዲያ ግን የለም። ማንም ሰው ሊጽፍበት የሚችል የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ነው ሲባል ስለሰማ "ታዲያ ለምን እኔ ራሴ አልጽፈውም?" ይላል። ወረፋ ጠብቆ ቻርጅ ባደረገው ስልክ፣ በሚቆራረጥ ኔትወርክ፣ ከእንግሊዝኛው ጋር እየታገለ ይጽፋል። በማግስቱ ሲከፍተው ጽሑፉ የለም።

እዚህ ጁባ አጠገብ ጎሮም ካምፕ ከማውቃቸው ልጆች መካከል ይህ የደረሰባቸው አሉ። "ስደተኛ ስለሆንን ንቀውን ነው" ይላሉ። ንቀት አይደለም። ደንቡ በእኛ ላይ አይከብድም ማለት ግን ውሸት ነው። ሁለቱንም ላስረዳ።

ዊኪፒዲያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ጥር 2001 ነው። የእንግሊዝኛው ክፍል ዛሬ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉት። የሚጽፉትና የሚያርሙት ደመወዝ የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አንድ ሰው ወይም ድርጅት የራሱ ጽሑፍ ይኑረው አይኑረው የሚለዩበትን መለኪያ በእንግሊዝኛ "ኖታቢሊቲ" ይሉታል። በአማርኛ "ታዋቂነት" ብለን ስንተረጉመው ነው ችግሩ የሚጀምረው። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ሰው "እኔ ታዋቂ አይደለሁም እንዴ?" ብሎ ይቆጣል። እነሱ ግን የሚጠይቁት ስንት ሰው ያውቅሃል ብለው አይደለም። ጎበዝ ነህ ወይ፣ ደግ ነህ ወይም አይሉም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ከአንተ ጋር ምንም ጥቅም የሌላቸው፣ የሚታመኑ ምንጮች ስለ አንተ በሰፊው ጽፈዋል ወይ?

እያንዳንዱ ቃል ክብደት አለው። "በሰፊው" ሲባል በተሳታፊዎች ዝርዝር ውስጥ ስም መጠቀሱ አይበቃም። "የሚታመን" ሲባል ፌስቡክና ቴሌግራም አይቆጠሩም፤ ሃምሳ ሺህ ሰው ያየው የዩቲዩብ ቪዲዮም ቢሆን። "ጥቅም የሌላቸው" ሲባል ደግሞ የራስ ድረ ገጽ፣ አልበሙን ያወጣው ድርጅት፣ የሚረዳህ ኤንጂኦ የጻፈው ማስታወቂያ ብዙም ክብደት አይሰጠውም። አይ ሬዲዮ ወይም ጁባ ሞኒተር ጋዜጣ የራሱን ጋዜጠኛ ልኮ የሠራው ዘገባ ግን ይቆጠራል።

ጽሑፍ የሚሰረዘው በሦስት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ፈጣኑ ነው። ሰውዬው ለምን ሊጻፍለት እንደሚገባ አንድም ምክንያት ካልታየ አስተዳዳሪው ያለ ክርክር ያጠፋዋል። ብዙዎቹ ልጆቻችን የወደቁት እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛው መንገድ "ይሰረዝ" የሚል ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ በ7 ቀን ውስጥ ማንም ካልተቃወመ ይጠፋል። ጸሐፊው ራሱ ማስታወቂያውን ሊያነሳው ይችላል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ሦስተኛው ክርክር ነው። ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። አንዱ "ይቆይ"፣ ሌላው "ይሰረዝ"፣ ሌላው "ከሌላ ጽሑፍ ጋር ይቀላቀል" እያለ ምክንያቱን ይጽፋል። ይህ የድምፅ ቆጠራ አይደለም። ሃያ ጓደኛ ጠርቶ "ይቆይ፣ ይቆይ" ማስባል አይጠቅምም፤ እንዲያውም ያስጠረጥራል። አንድ ሰው ሁለት ጥሩ የጋዜጣ ዘገባ ይዞ ቢመጣ ከሃያው ይበልጣል። ስምምነት ከጠፋ ጽሑፉ ይቆያል።

ይህ የሚደርሰው በእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. መስከረም 2007 የዊኪፒዲያ መሥራች ጂሚ ዌልስ ራሱ፣ ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን አጠገብ ጉጉሌቱ ስለነበረው "ምዞሊስ" የተባለ ሥጋ ቤት አጭር ጽሑፍ ጻፈ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ተሰረዘ። ኋላ ትልቅ ክርክር ተነስቶ፣ ምንጮች ተጨምረውበት ቆየ። ለነገሩ ቤቱ በከተማው የታወቀ ነበር፤ ሰራዡ ግን ጉጉሌቱን አያውቅም።

በ2010 ደግሞ ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ "ጀስት ኤ ባንድ" የተባለው ቡድን ባወጣው የሙዚቃ ቪዲዮ ላይ ያለው "ማክሜንዴ" የተባለ ገጸ ባሕርይ የናይሮቢ ወጣት ሁሉ መነጋገሪያ ሆነ። ስለ እሱ የተጻፈው ግን ከዊኪፒዲያ በተደጋጋሚ ተሰረዘ። ኬንያውያን የሚያወሩት በብሎግና በትዊተር ነበር፤ ይህ ደግሞ ምንጭ አይባልም። የውጭ ትልልቅ ሚዲያዎች ሲዘግቡት ነው ጽሑፉ የጸናው። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። የናይሮቢ ሰው ስለ ናይሮቢ የተናገረው ሳይቆጠር፣ ያው ነገር ከኒውዮርክ ዞሮ ሲመጣ ተቆጠረ።

ካናዳዊቷ የፊዚክስ ሊቅ ዶና ስትሪክላንድስ? በግንቦት 2018 ስለ እሷ የቀረበው ረቂቅ በቂ ምንጭ የለውም ተብሎ ተመለሰ። በጥቅምት ወር የኖቤል ሽልማት አሸነፈች፤ ጽሑፉም በዚያው ቀን ወጣ። ሴትየዋ በአምስት ወር ውስጥ አልተለወጠችም። የተለወጠው የሚጽፉላት ሰዎች ቁጥር ነው።

ከስደተኞች መካከል ዊኪፒዲያ ላይ ያሉትን ብታዩ ነገሩ ይበልጥ ይገባችኋል። በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ የመጀመሪያው የስደተኞች ቡድን 10 አትሌቶች ነበሩት። አምስቱ ደቡብ ሱዳናውያን ነበሩ፤ ከኢትዮጵያ በሉክሰምበርግ የሚኖረው ዮናስ ክንዴ ነበር። ዮናስ በማራቶን 90ኛ ወጣ። ከእሱ ቀድመው ከገቡት ብዙዎቹን ማንም አያስታውስም፤ የእሱን ታሪክ ግን የብዙ አገር ጋዜጦች ጽፈውታል፤ ስለዚህ ጽሑፉ ጠንካራ መሠረት አለው። ቀድሞ ኦሎምፒክ ላይ የተሳተፈ ሁሉ ይበቃል የሚል ልማድ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደንቡ ጠብቋል፤ መሳተፍ ብቻውን አይበቃም፣ የተጻፈ ነገር መታየት አለበት።

አሁን እኛን ለይቶ ወደሚጎዳው ልምጣ። አንደኛው የስማችን አጻጻፍ ነው። ጥላሁን ገሠሠን አንዱ በላቲን ፊደል "ቲላሁን" ብሎ፣ ሌላው "ቴላሁን" ብሎ ይጽፈዋል። ለእሱ መቼም ምንጭ አይጠፋም። ብዙ ያልተጻፈለት ሰው ግን በክርክሩ ወቅት በአንዱ አጻጻፍ ብቻ ይፈለግና "ምንም አላገኘሁም፣ ይሰረዝ" ይባላል። አማርኛ ማንበብ የማይችል ሰው በፊደላችን አይፈልግም። ስለዚህ ክርክር ውስጥ ስትገቡ ስሙ በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ንገሯቸው፣ የግዕዙንም ፊደል አስቀምጡላቸው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ ለእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ምንጩ እንግሊዝኛ መሆን የለበትም። ኢንተርኔት ላይ መገኘትም የለበትም። አዲስ ዘመን፣ ሪፖርተር ወይም አዲስ አድማስ ላይ የወጣ የአማርኛ ዘገባ ቀኑና ገጹ ተጠቅሶ ሊቀርብ ይችላል። ሻንጣችሁ ውስጥ ተጣጥፎ የተቀመጠ የጋዜጣ ቁራጭ ካለ አትጣሉት። ቀኑ ያለበትን ጫፍ አትቁረጡ። ፎቶ አንሱት።

ያልታተመ ነገር ግን አይቆጠርም፤ እዚህ ላይ ነው ደንቡ የሚከብደው። ጎሮም ውስጥ ከጋምቤላ የመጡ አኙዋክ አዛውንቶች አሉ፤ የመንደሮቻቸውን ታሪክ በቃላቸው ይነግሩሃል፣ በወረቀት ላይ ግን የለም። በ2011 ህንዳዊው አቻል ፕራባላና ባልደረቦቹ በህንድና በደቡብ አፍሪካ ሰዎችን እየቀረጹ፣ በድምፅ የተቀረጸ ቃል ምንጭ ይሁን ብለው ሞክረው ነበር። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ዛሬም የሚጠይቀው የታተመ ነገር ነው። ምክንያት የላቸውም አልልም፤ የተነገረውን ሁሉ ከተቀበሉ ውሸታሙም በዚያው በር ይገባል። ቢሆንም ጋዜጣ የሌለበት ሕዝብ ታሪክ የለውም ማለት አይደለም።

ስለ ገንዘብም ሳልናገር አላልፍም። ጽሑፋችሁ ከተሰረዘ በኋላ "ዶላር ላክ፣ እኔ አስመልስልሃለሁ" የሚል መልዕክት ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ እንዲህ ያለ የተደራጀ ቡድን አጋልጦ 381 አካውንት ዘግቷል፤ ከ200 የሚበልጡ ጽሑፎችም ተሰርዘዋል። ረቂቃቸው የተመለሰባቸውን ሰዎች እየፈለጉ ገንዘብ ይጠይቁ ነበር፤ የከፈለውንም "እንዳይሰረዝ እንጠብቅልህ" ብለው በየወሩ ያስከፍሉት ነበር። እውነተኛ አስተዳዳሪ ገንዘብ አይጠይቅም። የተከፈለበት ጽሑፍ፣ ክፍያው በግልጽ ካልተነገረ፣ ከደንቡ ውጪ ነው፤ ሲደረስበት የሚጠፋው የእናንተ ስም ያለበት ጽሑፍ ነው።

የአማርኛው ዊኪፒዲያ ለብቻው ነው፤ ያሉት ጽሑፎች ወደ 15 ሺህ ይጠጋሉ፣ የሚጽፉበትም ሰዎች በጣም ጥቂት ናቸው። እንግሊዝኛው ላይ የተሰረዘ ነገር እዚህም ይሰረዛል ማለት አይደለም። እኔ ለተማሪዎቼ የምመክረው ስለ ራሳቸው ሳይሆን ስለሚያውቁት ቦታ፣ ወንዝ፣ ሰብል፣ ደራሲ በአማርኛ እንዲጀምሩ ነው። ስለ ራስ መጻፍ በየትኛውም ቋንቋ አይወደድም፤ ሌላ ሰው ይጻፍልህ።

በእንግሊዝኛው መጻፍ የፈለገ መጀመሪያ አካውንት ይክፈት። 4 ቀን ካልሞላውና 10 እርማት ካልሠራ አዲስ ጽሑፍ በቀጥታ ማውጣት አይችልም፤ በረቂቅ በኩል ያቀርባል፣ ሰው አይቶ ያሳልፈዋል ወይም ይመልሰዋል። ከመጻፉ በፊት ሦስት ገለልተኛ ዘገባ ይፈልግ፤ ካጣ ጊዜውን አያባክን። የተሰረዘበት ሰውም ጽሑፉ ከነአካቴው ጠፋ ብሎ አይዘን። ከሌላ ቦታ የተቀዳ ካልሆነ፣ የሰረዘውን አስተዳዳሪ በትህትና "በረቂቅ መልስልኝ፣ ምንጭ ልጨምርበት" ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ ይመልሱታል። ረቂቅ ለ6 ወር ማንም ካልነካው ግን እሱም ይሰረዛል፤ ስለዚህ ኔትወርክ ባገኛችሁ ቁጥር ገብታችሁ አንድ ነገር አስተካክሉበት፣ ኮፒውንም ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።