የቀዝቃዛ ሞተር ሚኒሞና የአየር ቫልቩ

ገፈርሳ ከባሕር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት በገፈርሳ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ሜዳዎች ላይ ማለዳ ውርጭ ይወርዳል። በዚህ ሰዓት ለመስክ ሥራም ሆነ ለዕለት እንጀራ የሚወጣ ባለ መኪና አንድ የታወቀ ችግር ይገጥመዋል፤ ሞተሩ ተነሥቶ ወዲያው ይጠፋል፣ ወይም ነዳጅ መስጫው ተረግጦ ካልተያዘ አይጸናም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በእጃችን ያሉትን የቆዩ መኪናዎች በእንክብካቤ ማቆየት ግድ ሆኗል። ስለዚህ ኢንጄክሽን ባላቸው የቆዩ የቤንዚን ሞተሮች ላይ ስለሚገኘው የቀዝቃዛ ሞተር የአየር ቫልቭ ማወቅ ይጠቅማል።

የቫልቩ ሥራ

ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት በጋራዥ ቋንቋ «ሚኒሞ» ይባላል። በዚህ ጊዜ ዋናው የአየር በር፣ ማለትም ትሮትሉ፣ የተዘጋ በመሆኑ ሞተሩ የሚተነፍሰው በጎን ባለች ጠባብ መተላለፊያ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ዘይቱ ይወፍራል፤ ቤንዚኑም በሚገባ አይተንም። ስለዚህ ጸንቶ ለመዞር ተጨማሪ ነዳጅና ተጨማሪ አየር ያስፈልገዋል። ነዳጁን ኮምፒዩተሩ ያበዛል፤ አየሩን የሚያበዛው ይህ ቫልቭ ነው።

በበርካታ የቆዩ ቶዮታዎች ላይ ቫልቩ በውስጡ ሰም ይዟል። በብርድ ጊዜ ሰሙ ስለሚኮማተር ሞላው ቫልቩን ይከፍተዋል፤ ሚኒሞውም ከ1200 እስከ 1500 ዙር በደቂቃ ይደርሳል። የሞተሩ ውኃ እየሞቀ በአጠገቡ ሲያልፍ ሰሙ መጠኑ ይጨምርና ቫልቩን ቀስ በቀስ ይዘጋዋል። ውኃው ወደ 80 ዲግሪ ሲቃረብ ሚኒሞው ወደ 800 ዙር ገደማ ይመለሳል። በቆዩ የጀርመን መኪናዎች በሰሙ ፈንታ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ፣ ከሁለት ዐይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራ ቀጭን ሰሌዳ ይገኛል፤ መርሑ ግን አንድ ነው።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። በገፈርሳ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ በዚያችው መተላለፊያ የሚያልፈው አየር ያንሳል። በድሬዳዋ የተስተካከለ ሚኒሞ ገፈርሳ ሲደርስ ዝቅ ማለቱ ከዚህ የተነሣ ነው።

የተለመደው ስሕተት

ብዙ ጊዜ ሞተሩ ጠዋት እንዳይጠፋ ሲባል የሚኒሞው ብሎን በቀዝቃዛ ሞተር ይፈታል። ጠዋት መፍትሔ ይመስላል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ግን ዙሩ ከልክ በላይ ይወጣል። ነዳጅ ይባክናል፣ አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና ወደ ፊት ይገፋል፣ ፍሬኑም ያለ ጊዜው ያልቃል። የታመመው ቫልቭ ደግሞ እንደ ታመመ ይቀራል። ብሎኑ የተሠራው ለሞቀ ሞተር ሚኒሞ ሲሆን፣ የሰሙ ቫልቭ ራሱ በአብዛኛው የሚስተካከል አይደለም፤ ይጸዳል ወይም ይለወጣል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

1. ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩ ውኃ መሙላቱን፣ ቴርሞስታቱም በቦታው መኖሩን ማረጋገጥ። ቴርሞስታቱ ወጥቶ ከተጣለ ሞተሩ በሚገባ ስለማይሞቅ ቫልቩ ፈጽሞ ላይዘጋ ይችላል። በኩላንት ፈንታ ተራ ውኃ ሲጨመርም ዝገቱ ወደ ቫልቩ የሚወስደውን ቀጭን መንገድ ይደፍናል።

2. ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሥቶ የቫልቩን የአየር ቀዳዳ በጣት መዝጋት፣ ጎማ ቱቦ ያለው ከሆነም በፒንሳ በቀስታ መቆንጠጥ። ዙሩ ከወረደ ቫልቩ ክፍት ነው። ካልወረደ ተዘግቶ ቀርቷል፣ ወይም መንገዱ በካርቦን ተደፍኗል።

3. ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ይህንኑ መድገም። አሁን ዙሩ ከ100 ብዙም በላይ መውረድ የለበትም። እጅግ ከወረደ ቫልቩ አልተዘጋም ማለት ነው።

4. ቫልቩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሚኒሞው ከፍ ካለ የተቀደደ ወይም የላላ የአየር ቱቦ መፈለግ።

5. ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ በሞቀ ሞተር፣ መብራትና ኤር ኮንዲሽነር ጠፍቶ፣ ማርሹ ነጻ ሆኖ፣ በኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ቁጥር መሠረት የሚኒሞውን ብሎን በካቻቪቴ በጥቂት በጥቂቱ ማስተካከል። በአንዳንድ ሞዴሎች አስቀድሞ በመመርመሪያው ሣጥን ውስጥ ሁለት ጫፎችን ማገናኘት ያስፈልጋል፤ የትኞቹ እንደሆኑ የመኪናው መመሪያ ይገልጻል። ትሮትሉን የሚያስቆመው ብሎን ግን በፋብሪካ የተወሰነ ስለሆነ መነካት የለበትም።

ጥንቃቄ

መኪናን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ማሞቅ ለሞት ያደርሳል፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በዚህ ከፍታ ክፍት ውኃ በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ የሞቀ ራዲያተር ክዳን ሲከፈት ውኃው ወዲያው ይገነፍላል፤ ሰውነትንም ያቃጥላል። ከሱሉልታ በእንጦጦ ተሻግሮ ቁልቁል የሚወርድ አሽከርካሪም ሞተሩ ሳይጸና ጉዞ መጀመር አይገባውም፤ ሞተሩ በመንገድ ላይ ቢጠፋ የፍሬኑ አጋዥ ኃይል ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል፣ መሪውም ይከብዳል።

የጋራ ንብረት የሆነ መኪና አደራ ነው። የቀዝቃዛውና የሞቀው ሞተር ሚኒሞ በየወሩ ተለክቶ በተሽከርካሪው መዝገብ ቢጻፍ፣ ቫልቩ መድከም ሲጀምር ሞተሩ በውርጭ ማለዳ መንገድ ላይ ሳይጠፋ አስቀድሞ ይታወቃል።