«አላውቅም ልጄ»፦ እርጅና የተባለው ድባቴ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ አንዲት ጎልማሳ እናቷን ደግፋ ተቀምጣለች። «እማዬ ጃጅታለች፤ ትናንት ምድጃውን ለኩሳ ረሳችው» ስትል ለአጠገቧ ሰው ታወራለች። እናት አንገታቸውን እንደደፉ «እውነቷን ነው፤ ጭንቅላቴ አልቋል» አሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመት አልሞላም፤ የሐዘን ልብሳቸውንም አላወለቁም። በዚያ ያለፈ አንድ ባለሙያ «እድሜ ነው» ብሏቸው ሄደ። ይህ ጽሑፍ የተጀመረው ከዚያች መልስ ነው።

እድሜ ላይሆን ይችላል። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ መርሳታቸውን አያምኑም፤ የሚያማርረው ቤተሰብ ነው። «ጭንቅላቴ አልቋል» እያሉ ራሳቸው የሚያማርሩት ብዙ ጊዜ ድባቴ የያዛቸው ናቸው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሌስሊ ካይሎ የመርሳት በሽታ ያለባቸው መስለው በሕክምና የዳኑ ሕሙማንን ታሪክ በ1961 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። አሜሪካዊው ቻርልስ ዌልስ ደግሞ በ1979 ሁለቱን የሚለዩ ምልክቶችን ዘርዝሯል። ድባቴው በሳምንታት ውስጥ ይመጣል፣ ቤተሰብም መቼ እንደጀመረ ያስታውሳል፤ የመርሳት በሽታ ግን በዓመታት ነው ቀስ እያለ የሚገባው።

በአእምሮ ሕክምና ረጅም ዘመን ያገለገለ አንድ ነርስ ልዩነቱን ሲያስረዳ እጁን እያወራጨ ነው። «የመርሳት በሽታ ያለበት ይሸፍናል። ስንት ልጅ አለዎት ስለው ‹አንተስ ስንት ወልደሃል?› ብሎ ያስቀኛል። ድባቴ ያለባቸው እናት ግን ጥያቄዬን ሳልጨርስ ‹አላውቅም ልጄ፣ ተወኝ› ይላሉ። ቁጭ ብዬ ሳጫውታቸው የልጆቻቸውን የክርስትና ቀን ሳይቀር ይነግሩኛል።» ጥቂት ቆይቶ ጨመረ፤ «ቁጭ የሚል ሰው ነው የጠፋው።»

መርሳት የሚለካበት ፈተናም ራሱ ችግር አለበት። በዓለም በስፋት የሚሠራበትን ባለ 30 ነጥብ ፈተና ማርሻል ፎልስታይን፣ ሱዛን ፎልስታይንና ፖል ማክሂው ያወጡት በ1975 ነው። ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መቁጠር፣ የተጻፈ ትእዛዝ አንብቦ መፈጸም፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ የተጠላለፉ ባለ አምስት ጎን ቅርጾችን ማስመሰል ያዛል። እርሳስ ይዘው የማያውቁ እናት በዚህ ቢወድቁ ምን ይገርማል? ቀኑን ሲጠየቁ «ነገ ጊዮርጊስ ነው» ቢሉ፣ ቀኑ ሃያ ሁለት መሆኑን በትክክል ተናግረዋል፤ ሰሚው ካልገባው ግን ዜሮ ነው።

ችግሩን ለማቃለል የተደከመበት ሥራ አለ። በ1998 የተመሠረተው «10/66» የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን ስያሜውን ያገኘው ከአንድ ቁጭት ነው፤ ከመርሳት ሕሙማን 66 በመቶው በታዳጊ አገሮች ሲኖሩ፣ በእነዚህ አገሮች ላይ የተካሄደው ጥናት ከ10 በመቶ በታች ነበር። ቡድኑ ያልተማሩ አረጋውያንን ከትምህርታቸው ለይቶ የሚመዝን ዘዴ አዘጋጅቷል፤ ከሽማግሌው በተጨማሪ አብሮት የሚኖረውንም ሰው ይጠይቃል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 ከመርሳት በሽታ ጋር የሚኖሩት 57 ሚሊዮን ደርሰዋል።

በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ማንበብ የማይችሉ አረጋውያን በምን እንደሚመዘኑ የተጠየቁ አንድ የጤና ኃላፊ «በጽሑፍ አቅርቡ» አሉ። በጽሑፍ ቀረበ፤ መልስ አልመጣም።

ስህተቱ በሁለቱም በኩል ይጎዳል። ድባቴው «እርጅና» ከተባለ ሊድን የሚችል ሰው ምግብ እየተወ፣ ከለቅሶና ከማኅበር እየቀረ ይመነምናል። የመርሳት በሽታው «ድባቴ» ከተባለ ደግሞ፣ ለድባቴ የሚታዘዘው ርካሹ አሚትሪፕቲሊን በአረጋውያን ላይ ራሱ ትውስታን ያደበዝዛል። ነርሱ ስለዚህ ቤተሰቡን በመጀመሪያው ቀን ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዞ እንዲመጣ ያዛል። ድባቴያቸው የለቀቃቸውንም ተመልሰው እንዲታዩ ይቀጥራቸዋል፤ ከእነርሱ መካከል ከዓመታት በኋላ የመርሳት በሽታው የሚገለጥባቸው አሉና።