ሩዝ የሚያብብባት ሰዓት

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ ሸቤን ካለፈ በኋላ ወደ ጎጀብ ወንዝ ቁልቁል ይወርዳል። በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ ይበረታል፤ የቡናው ጥላም ከኋላ ይቀራል። ሩዝ እንዲህ ያለውን ሞቃት መሬት ይወዳል። በቡኖ በደሌው ጨዋቃና በቤንች ሸኮው ጉራፈርዳ ገበሬው ከለመደው ቆይቷል። ይሁንና ይህ ሙቀት ወዳድ ሰብል በዕድሜው ውስጥ ሙቀት የማይችልበት አጭር ጊዜ አለው፤ እሱም የሚያብብበት ነው።

የቡና አገር ሰው አበባን ያውቃል። ዝናብ ሲነካው ቡናው ነጭ ለብሶ መንደሩን ያውዳል። የሩዝ አበባ ግን ቀርቦ ላላየው አበባም አይመስልም። በዘለላው ላይ ያለው እያንዳንዱ ገለፈት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ይከፈታል። በዚያች ሰዓት የወንዴው ከረጢቶች ተከፍተው የአበባውን ዱቄት እዚያው ጎን ባለችው ሴቴ ላይ ያራግፋሉ። ዱቄቱ በሕይወት የሚቆየው ለደቂቃዎች ብቻ ነው። ከዚያ ገለፈቱ ይዘጋል፣ ዳግመኛም አይከፈትም። ዘለላው ከጫፉ ጀምሮ ወደ ታች እያበበ በአንድ ሳምንት ገደማ ይጨርሳል።

በዚህ መሐል የአበባው ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከወጣ፣ አንድ ሰዓት እንኳ ብዙ ፍሬ ለማምከን ይበቃል። ከረጢቶቹ በደንብ አይከፈቱም፤ የወደቀው ጥቂት ዱቄትም ሳይበቅል ይደርቃል። ካበበ አንድ ሰዓት ያለፈውን ፍሬ ግን ዘግይቶ የመጣ ሙቀት አያመክነውም። ስለዚህ የምርቱ ዕጣ የተንጠለጠለው በረፋዱ ሰዓት ላይ ነው።

ቴርሞሜትሩ ብቻውን ሁሉን አይናገርም። ሩዝ በቂ ውኃ ካገኘና አየሩ ደረቅ ከሆነ፣ ውኃውን እያተነነ ዘለላውን ከአየሩ በታች ያቀዘቅዛል። በአውስትራሊያው የሪቨሪና ሜዳ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ ወጥቶም ሩዝ ፍሬ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው። አየሩ ወበቃማና ነፋስ የሌለው ከሆነ ወይም ማሳው ከተጠማ ግን ይህ መከላከያ ይጠፋል። በአበባ ሳምንት ውኃ ማጉደል ከሁሉ የከፋ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ማሳው ለምለም ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ዘለላው በፍሬ ክብደት ማጎንበስ ሲገባው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ገለፈቱን በጣት ሲጫኑት ባዶ ነው። አገዳ ቆርቁር ያጠቃው ዘለላ እንዳለ ይነጣል፣ ሲስቡትም ይነቀላል፤ ሙቀት የመታው ግን ደህናና ባዶ ፍሬ ተቀላቅሎበት ይገኛል።

1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በፎገራ ሜዳ የሚያሰጋው ሌላው ጽንፍ ነው። እዚያ ዘለላው ከመውጣቱ በፊት፣ ገና በእምቡጥ ሳለ የሚመጣ ብርድ ዱቄቱን ያመክናል። ስለዚህ ለፎገራ የተባለ ምክር ለጎጀብ ቆላ አይሠራም።

ሳይንቲስቶች መፍትሔውን ከዘሩ ይፈልጋሉ። ኤን 22 የተባለው የሕንድ ዝርያ ሙቀትን በመቋቋም ይታወቃል። በፊሊፒንስ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋምም ከዱር ሩዝ የተገኘን፣ አበባን ወደ ማለዳ የሚያቀድም ባሕርይ ወደሚታረሱ ዝርያዎች አዛውሯል። ያ ዝርያ ፀሐይ ከመበርታቷ በፊት ማዳቀሉን ይጨርሳል።

ለእኛ ገበሬ ግን ዛሬውኑ በእጁ ያለው መሣሪያ የቀን አቆጣጠር ነው። በሰኔ የተዘራ የዝናብ ሩዝ መስከረም አካባቢ፣ አየሩ ገና ሳይከር ያብባል። በበጋ በመስኖ፣ በታኅሣሥ የተዘራው ግን አበባው መጋቢት ላይ፣ ከዓመቱ እጅግ ሞቃት ወራት በአንዱ ይወድቃል። አንድ ዝርያ በ120 ቀን የሚደርስ ከሆነ የሚያብበው ለመድረስ አንድ ወር ያህል ሲቀረው፣ በ90ኛው ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ በቆላው በመስኖ ሩዝ ሊያለማ የሚነሳ ሁሉ መጀመሪያ አበባው የሚያርፍበትን ሳምንት ይምረጥ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥሮ ይዝራ፤ በዚያ ሳምንትም ውኃውን አይንፈገው። የልማት ሠራተኛውም ስለ ዘርና ማዳበሪያ ከመጠየቁ በፊት ይህን ቀን ይጠይቅ።