የታጠበች መኪና ለምን ነጠብጣብ ይታይባታል?

መኪናችንን በግቢያችን አጥበን ስንጨርስ፣ በቀለሟና በመስታወቷ ላይ ነጫጭ ክቦች ቀርተው እናገኛለን። ያልጸዳች መስሎንም ሌላ ውኃ እንደፋባታለን። ይሁን እንጂ ነጠብጣቡ ከቆሻሻ የተረፈ ሳይሆን የውኃው የራሱ ቅሪት ነው።

ውኃ በአፈርና በአለት መካከል ሲያልፍ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን የመሳሰሉ ማዕድናትን ያሟሟል። አዲስ አበባ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የገጸ ምድር ውኃ፣ ከአቃቂ ጉድጓዶች ደግሞ የከርሰ ምድር ውኃ ታገኛለች። የከርሰ ምድር ውኃ ከአለት ጋር ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ አብዛኛውን ጊዜ የበለጠ ማዕድን ይይዛል። ጠብታ ሲተን ወደ አየር የሚሄደው ውኃው ብቻ ነው፤ የሟሟው ካልሲየም ባይካርቦኔት ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቅቆ፣ በውኃ በቀላሉ ወደማይሟሟው ካልሲየም ካርቦኔት ይለወጣል። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትም በአብዛኛው ይኸው ነው።

እንግዲህ መፍትሔው ውኃ መጨመር ሳይሆን፣ ጠብታው ከመትነኑ በፊት ማንሣት ነው። መኪናዋን በጥላ ሥር፣ አካሏ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከጣሪያዋ ጀምረን ክፍል በክፍል እንጠብ፤ ሳሙናው ሳይደርቅ እናለቅልቅ፤ ወዲያውም በንጹሕና ለስላሳ ጨርቅ እናድርቃት። ንጹሕ የዝናብ ውኃ ካጠራቀምን፣ ማዕድኑ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ይመረጣል።

የደረቀን ነጠብጣብ በደረቅ ጨርቅ መፈግፈግ ቀለሙን ይጭረዋል። በውኃ የቀጠነ ኮምጣጤ ካርቦኔቱን ያሟሟዋል፤ ሆኖም አሲድነቱ ቀለሙን እንዳይጎዳ ለአፍታ ብቻ አሳርፈን፣ ወዲያው አለቅልቀን ማድረቅ ይገባናል። ጠብታን በጊዜው ማንሣት የመኪናችንን ቀለም ከጉዳት፣ ውኃችንንም ከብክነት ያድናል።