የሃምስተር ንክሻ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1930 ጸደይ፣ በሶርያ ሐለብ (አሌፖ) አካባቢ አንድ ያማረ የስንዴ ማሳ በዶማ ተገለባበጠ። ቆፋሪዎቹን ያሰማራው የመንደሩ ሼህ ነው። ሼሁን ያግባባው ደግሞ ጆርጂየስ ኻሊል ታሕአን የተባለ የአካባቢው መንገድ መሪ ሲሆን፣ ከኋላው የነበረው ከኢየሩሳሌም የመጣው የእንስሳት ተመራማሪ እስራኤል አሃሮኒ ነበር። ይህ ሁሉ ጉልበት የፈሰሰው ጅራቱ አጭር፣ ጸጉሩ ወርቅማ፣ እህል በጉንጩ አጭቆ ወደ ጉድጓዱ ለሚሮጥ አንድ ትንሽ እንስሳ ነው። ሃምስተር ይባላል።

አሃሮኒን ወደ ሐለብ የላከው ጉዳይ ካላዛር ነው። በሽታውን እኛም እናውቀዋለን። ለእርሻ ሥራ ወደ መተማና ሑመራ የወረዱ ብዙ የቀን ሠራተኞች ተይዘውበታል። ትኩሳቱ አይለቅም፣ ጣፊያ ያሳብጣል፣ ሰውነት ያመነምናል፣ ካልታከመም ይገድላል። በኢየሩሳሌም ሂብሩ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሐኪምና ተመራማሪ ሳውል አድለር የበሽታውን ጥገኛ ተሕዋስ በእንስሳት ላይ ያጠና ነበር። ይጠቀምባቸው የነበሩት የቻይና ሃምስተሮች ግን በቤተ ሙከራ አልራባ አሉት፤ በየጊዜው ከቻይና ማስመጣቱም አድካሚ ሆነ። ስለዚህ በቅርብ የሚገኝ ዘመዳቸው ይፈለግልኝ አለ።

ከብዙ ሰዓት ቁፋሮ በኋላ፣ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ጥልቀት ላይ ጎጆው ተገኘ። በውስጡም እናትና 11 ግልገሎቿ ነበሩ። አሃሮኒ ሁሉንም በአንድ ሣጥን አደረጋቸው። ወዲያው ያልጠበቀውን አየ። እናቲቱ አጠገቧ የደረሰውን ግልገል ጭንቅላቱን ነክሳ ገደለችው። ለቀሩት የሰጋው አሃሮኒ እናቲቱን ገደላት፤ ጡት ያልጣሉትን 10 ግልገሎችም ከባለቤቱ ጋር በእጁ ማሳደግ ጀመረ።

ይህች እናት ያደረገችው ነገር ጭካኔ ይመስላል። በእርግጥ ግን የሃምስተር ንክሻ ምን እንደሆነ የሚያሳይ ፍንጭ ነበር። ጎጆዋ የፈረሰባት፣ ብርሃን የፈነጠቀባት፣ ማምለጫ ያጣች እንስሳ ያላት መሣሪያ ጥርሷ ብቻ ነው። የዛሬ የቤት ሃምስተርም ከወለደች ሰሞን ጎጆዋ ቢነካካ ልጆቿን ልትገድል ትችላለች።

ግልገሎቹ በስኮፐስ ተራራ ላይ ላለው የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ማቆያ ተሰጡ። አምስቱ የማቆያውን የእንጨት ወለል በጥርሳቸው ቦርቡረው አመለጡ። ከተረፉት ጥቂቶች መካከል ወንድምና እህት ተጣምረው ወለዱ፣ እነዚያም ወለዱ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ቁጥራቸው 150 ገደማ ደረሰ። የሃምስተር እርግዝና 16 ቀን ያህል ብቻ ስለሆነ መራባቱ ፈጣን ነው። አድለር እ.ኤ.አ. በ1931 ጥቂቶቹን በኮቱ ኪስ ይዞ እንግሊዝ እንዳስገባ ይነገራል። በ1938 አሜሪካ ደረሱ። ከቤተ ሙከራ ወደ ቤት ሳሎን ለመግባትም ብዙ አልቆዩም። ለአሥርተ ዓመታት በዓለም ቤቶች ያደጉት ወርቃማ ሃምስተሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም የዚያች የሐለብ እናት ዘሮች ነበሩ።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። በሰው እጅ ሥር ይህን ያህል ትውልድ የኖረ እንስሳ ዛሬም ከሱቅ መጥቶ የልጅ ጣት የሚነክሰው ለምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት ተመራማሪዎች ወደ ማሳው መመለስ ነበረባቸው። በጀርመን ሃለ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሮልፍ ጋተርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ1999 በሐለብ ዙሪያ የዱር ሃምስተሮችን ጉድጓድ እየፈለጉ ለኩ፣ ቆፈሩ። ልጆቿን ከምታሳድግ እናት በቀር በየጉድጓዱ የሚኖረው አንድ ሃምስተር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሃምስተር ብቸኛ ነው፤ ጎረቤት አይወድም፣ መንጋ የለውም። ወደ ቤቱ የሚገባ ማንኛውም ሕያው ነገር ለእሱ ወራሪ ነው። እጃችንን በድንገት ወደ ቤቱ ስናስገባ የምንሆነው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ግኝት ተመራማሪዎቹን ራሳቸውን አስገረመ። በቤተ ሙከራ ሃምስተር ቀን ተኝቶ ሌሊት ስለሚሮጥ የሌሊት እንስሳ ነው ተብሎ ተደምድሞ ነበር። የጋተርማን ቡድን በደቡብ ቱርክ ማሳዎች ሴት ሃምስተሮችን ሲከታተል ግን ከጉድጓድ የሚወጡት በቀን፣ በተለይ በማለዳና ወደ ማታ ላይ ሆኖ አገኘ። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ። ዱሩ ውስጥ ሃምስተር ሜዳ ላይ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ጉንጩን ሞልቶ ይሮጣል፣ አዳኝ ወፍ ከላይ ይመጣበታልና። ከላይ የሚወርድ ጥላ በደሙ ውስጥ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው። ሰውም ሃምስተርን ሊያነሣ ሲል እጁን የሚሰደው ከላይ ነው።

በቤት ውስጥ ደግሞ ቀኑን ይተኛል። ልጅ ከትምህርት ቤት መጥቶ የሚቀሰቅሰው ጥልቅ እንቅልፍ ላይ ሳለ ነው። ከእንቅልፉ ተመንጭቆ የተነሣ፣ ከላይ የተያዘ፣ ብቸኛ እንስሳ ቢነክስ ምን ይደንቃል?

ሦስተኛው ቁልፍ አፍንጫው ነው። የሃምስተር ዓይን ደካማ ነው፤ ራቅ ያለውን አጥርቶ አያይም፣ ከፍታንም በትክክል አይገምትም። ዓለሙን የሚያነበው በማሽተት ነው። በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ጆንስተን ለረጅም ዓመታት ባደረገው ጥናት ሃምስተሮች አንዱን ከሌላው በጠረኑ ለይተው እንደሚያውቁና እንደሚያስታውሱ አሳይቷል። በጎናቸው ላይ ያሉት ዕጢዎች ጠረናቸውን በመተላለፊያቸው ላይ ይተዋሉ። ስለዚህ ጠረኑ ያልታወቀ እጅ ማንነቱ ያልታወቀ እንግዳ ነው። የምግብ ሽታ ያለበት ጣት ደግሞ ምግብ ነው፤ ሃምስተሩ የሚቀምሰው ተሳስቶ ነው።

ሦስቱ ግኝቶች ሲገጣጠሙ የማላመዱ መንገድ በራሱ ይወጣል። አዲስ ሃምስተር ቤት ሲገባ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አትንኩት። ውሃና ምግብ ስትሰጡት በለስላሳ ድምፅ አናግሩት፣ ድምፃችሁን ከምግብ ጋር ያያይዘው። እጃችሁ ውስጥ ጥቂት ያቆያችሁትን ሽታ የሌለው ሶፍት ቤቱ ውስጥ ተዉለት፤ ወስዶ ጎጆውን ሲሠራበት ጠረናችሁ የቤቱ ጠረን ይሆናል።

ከዚያ ማታ ማታ፣ እሱ ራሱ ሲነቃ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ መዳፋችሁን ወደ ላይ ዘርግታችሁ ቤቱ ወለል ላይ አሳርፉት። አታንቀሳቅሱት። መጥቶ ያሽትት። መሸሽ ከፈለገ ይሽሽ። ሲለምድ መዳፋችሁ ላይ የሱፍ ፍሬ አድርጉለት። አንድ ቀን ሁለት የፊት እግሩን ያሳርፋል፣ ሌላ ቀን ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ያኔም ቢሆን አትዝጉበት፤ መውጫ እንዳለው ያወቀ እንስሳ ጥርሱን አያስብም። የምታነሡት ከሥር በሁለት እጅ አቅፋችሁ ይሁን፤ ወለሉ ላይ ተቀምጣችሁ ያዙት፣ ከከፍታ ቢወድቅ ይጎዳልና። እጅን ገና የሚፈራውን በኩባያ ውስጥ እንዲገባ አድርጎ ማጓጓዝ ይቻላል።

ከመንከሱ በፊትም ይናገራል። ባለበት ይደርቃል፣ ጆሮውን ያጥፋል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ አልፎም በጀርባው ተገልብጦ ይጮኻል። ይህን ያየ ሰው እጁን በቀስታ ይመልስ። ከነከሰ አትወርውሩት፣ አትምቱት፣ ፊቱ ላይ አትንፉ፤ ፍርሃቱ ልክ እንደነበር ታረጋግጡለታላችሁና። ቁስሉን በውሃና በሳሙና በደንብ እጠቡት፤ ካበጠ ወይም ከቀላ ሐኪም ይየው። ተላምዶ የነበረ ሃምስተር በድንገት መንከስ ከጀመረ ደግሞ አሞት ይሆናልና የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ቤቱም ይታይ። በስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ብቻ ያለው ንጣፍ የተሰጣቸው ሃምስተሮች 40 እና 80 ሴንቲ ሜትር ከተሰጣቸው ይልቅ የቤታቸውን ሽቦ አብዝተው እንደሚያኝኩ አሳይቷል። መቆፈር፣ መደበቅ፣ መሮጥ የቻለ እንስሳ ይረጋጋል፤ የተረጋጋም ለመላመድ ይቀርባል።

በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በአውሮፓ የምትኖሩ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ሃምስተር ግዙልን ሲሏችሁ ይህን አስቡ። ሃምስተር ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ይኖራል፤ ይህችን አጭር ዕድሜ በፍርሃት እንዲጨርሳት ማድረግ ግፍ ነው። ማታ ማታ ከልጃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ዝም ብሎ መዳፍ ለመዘርጋት ትዕግሥት ካላችሁ ግዙለት፤ ልጁም የሌላ ፍጡርን ፍርሃት ማክበርን ይማርበታል። ትዕግሥቱ ከሌላችሁ ግን አትግዙ።