ኤፌሜሮፕቴራ

ኤፌሜሮፕቴራ (በእንግሊዝኛ፦ ሜይፍላይ) ከ3,000 በላይ ዝርያዎች ያሉት የነፍሳት ክፍለመደብ ነው። ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ዕድሜው አጭር የሆነ ባለ ክንፍ ማለት ነው። አብዛኛውን ዕድሜውን በውሃ ውስጥ በእጭነት ያሳልፋል፤ ክንፍ ካወጣ በኋላ ምንም አይበላም፣ ከጥቂት ሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ብቻ ይኖራል።

የእጩ መለያ

እጩ ብዙ ጊዜ በወንዝ ውስጥ ካለ ድንጋይ ሥር ይገኛል። በሆዱ ግራና ቀኝ ስንጥቦች፣ ከኋላው ሦስት ወይም ሁለት ክር መሰል ጭራዎች አሉት። ባለ ሁለት ጭራው ከፕሌኮፕቴራ እጭ ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ እግር ጫፍ ኤፌሜሮፕቴራ አንድ ጥፍር ሲኖረው ፕሌኮፕቴራ ሁለት አለው።

በኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች ከሚገኙት አስተኔዎች ሦስቱ እነዚህ ናቸው፦

- ቤቲዴ፦ ሰውነቱ ድቡልቡል ነው፤ እንደ ትንሽ ዓሣ እየተስፈነጠረ ይዋኛል።
- ሄፕታጄኒዴ፦ ጠፍጣፋ ነው፤ ዓይኖቹ በአናቱ ላይ ናቸው፤ በፈጣን ውሃ ከድንጋይ ጋር ይጣበቃል።
- ኬኒዴ፦ ትንሽ ነው፤ በሆዱ ላይ ያሉት ሁለት አራት ማዕዘን ክዳኖች ስንጥቦቹን ከደለል ይከላከላሉ።

ለትራውት አጥማጆች

ትራውት እጩንም ባለ ክንፉንም ይመገባል። ኤፌሜሮፕቴራ ክንፍ ካወጣ በኋላ እንደገና ቆዳውን የሚገፍ ብቸኛው የነፍሳት ክፍለመደብ ነው። መጀመሪያ ክንፉ ደብዛዛ ነው፤ ቆዳውን ሲገፍ ግን እንደ መስታወት ይጠራል። አጥማጁ በመንጠቆው ላይ በላባና በክር የሚሠራው ምስል ዓሣው በዚያ ሰዓት ከሚበላው ደረጃ ጋር በመጠንና በቀለም መመሳሰል አለበት። በኢትዮጵያ ትራውት ከኬንያ መጥቶ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቅቋል።

የወንዝ ጤና ምልክትነት

የጉማራና የርብ ወንዞች ከደብረ ታቦር አካባቢ፣ ከጉና ተራራ ተነሥተው ወደ ጣና ሐይቅ ይፈስሳሉ። በክረምት ጎርፍ ከእርሻ የሚያጥበው አፈር በድንጋዮች መካከል ያለውን ክፍተት ሲሞላ እንደ ሄፕታጄኒዴ ያሉት መጠጊያ ያጣሉ፤ ኬኒዴና አንዳንድ የቤቲዴ ዝርያዎች ግን ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ ኤፌሜሮፕቴራ መገኘቱ ብቻውን ወንዙ ጤነኛ ነው አያሰኝም፤ አስተኔውን መለየት ያስፈልጋል። ጉዳዩ ዓሣንም ይነካል፤ የጣና ላቢዮባርበስ ዓሣዎች በክረምት ወደ እነዚሁ ወንዞች ወጥተው በጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ።

ሄፕታጄኒዴ በብዛት መገኘቱ ውሃው ኦክስጅን እንዳለውና ደለል እንዳልበዛበት ያመለክታል። ሆኖም እጮቹ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ስለማያሳዩ ውሃው ለመጠጥ የሚሆን ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆኑም።