ያውቁ ኖሯል? የቱ ሶዶ?

«ሶዶ» የሚል ጽሑፍ ሲያጋጥመው ኮምፒውተር የት ይመድበው? ወላይታ ሶዶ አለች፤ ጉራጌ ምድር ደግሞ የጥያ ትክል ድንጋዮች ያሉበት ሶዶ ወረዳ አለ። ማሽኑ የሚፈርደው ጎረቤት አይቶ ነው። አጠገቡ ዳሞታ፣ ቦዲቲ፣ አረካ ከተጠሩ ወደ ወላይታ፣ ቡኢ ከተጠራች ወደ ጉራጌ ይልከዋል። የወላይታዋ የጉኑኖ ይብሳል፤ ወረዳዋ ዳሞት ሶሬ ነውና «ዳሞት»ን ብቻ ያየ ማሽን ሌላ ዳሞት ወዳለበት ወደ ጎጃም ሊያደርሳት ይችላል።

ቃላትን እየመዘኑ ጽሑፍን በኮምፒውተር በየርዕሱ መደልደልን ቀድመው ከሞከሩት አንዱ አሜሪካዊው ኤም. ኢ. ማሮን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳተሙት ሙከራ 405 አኅጽሮተ ጽሑፎችንና 32 ርዕሶችን የያዘ ነበር። ስሌቱ የተነሣው ከእንግሊዛዊው ቄስ ከቶማስ ቤይስ ነው፤ የቄሱ ጽሑፍ የታተመው በ1763፣ ከሞቱ ከሁለት ዓመት በኋላ።

ያሁ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲጀመር ድረ ገጾችን በየዘርፉ የሚደረድረው ሰው ነበር። መርካቶን ያስቡ፦ በርበሬ ተራ፣ ሸማ ተራ እያለ ይሄዳል፤ መድረሻ ያጣው ሁሉ ምናለሽ ተራ። የያሁ ማውጫ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ተዘጋ።

ቃላቱም ራሳቸው ማሽኑን ያደናግራሉ። ጽሑፉ «ዋና አሠልጣኝ» ሲል የቡድኑ አለቃ ነው ወይስ ዋና የሚያስተምር? «ዋንጫ»ስ? ወላይታ ድቻ እ.ኤ.አ. በ2018 ዛማሌክን ያሰናበተበት ውድድር ነው ወይስ ጠጅ መጠጫው? «ገና» ደግሞ በዓልም ነው፣ ጨዋታም ነው፣ «ገና አልመጣም»ም አለ። በዓሉና «ገና አልመጣም» ያለው ስናነባቸው በመጥበቅና በመላላት ይለያሉ፤ ፊደሉ ግን ይህን አያሳይም።

«ፀሐይ» ድምፁ ሳይለወጥ 12 ዓይነት ተደርጎ ሊጻፍ ይችላል። በሁለቱ «ጸ» እና በስድስቱ «ሀ» ያባዙት። ፊደሉን አስቀድሞ አንድ ያላደረገ ማሽን 12 የተለያዩ ቃላት ያገኘ ይመስለዋል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ዜና አገልግሎትን የአማርኛ ዜናዎች በኮምፒውተር ስለ መመደብ የማስተርስ ጥናት የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ከ50 ሺህ በላይ የአማርኛ ዜናዎች በ6 ዘርፍ ተለይተው ለተመራማሪዎች ክፍት ሆኑ። በ2023 የወጣው ማሳካኒውስ የተባለው የዜና ስብስብ 16 ቋንቋዎችን ሲይዝ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማሊኛ ገብተውበታል። ወላይትኛ የለም።

ከርዕሱ በፊት ቋንቋውን መለየት ይቀድማል። ወላይትኛ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጊዜ በፊደል ተጻፈ፤ በኋላ ወደ ላቲን ዞረ። ስለዚህ የድሮው መጽሐፍ «ሃታ» ያለው ውሃና የዛሬው ገጽ በላቲን የጻፈው ውሃ ለማሽኑ እርስ በርስ ባዕድ ናቸው። ጋሞኛ፣ ጎፍኛና ዳውሮኛም ቅርብ ዘመዶቹ በመሆናቸው አጭር ጽሑፍ ያምታታዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሰዎች ራሳቸው አራቱን «ወጋጎዳ» ብለው በአንድ መማሪያ መጽሐፍ ቢጨፈልቋቸው ሶዶ በተቃውሞ ተናወጠች፤ መጻሕፍቱም ተሰበሰቡ።